የመዝጊያው ቅንፍ

አሥመራ፣ እዳጋ ሓሙስ
12 ፌብሩዋሪ 1995

ለወርቅውሃ፤

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። አልታመምኩም፣ አላገባሁም፣ አልረሳሁሽም። ዝም ያልኩት የሚጻፍ ስላጣሁ ሳይሆን የሚጻፈው ስላናደደኝ ነው።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። «ሥራ እንዴት ነው?» ላልሽው፣ ሥራ የለኝም። «ወንድምሽ አሸነፈ ብሎ የመርካቶው ጨርቅ ነጋዴ ነገረኝ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ላልሽው ደግሞ፣ ደስታሽን መልሰሽ ውሰጂው።

ባለፈው ወር የብስክሌት ክለቦች ውድድር ነበር። የመጨረሻው ቀን ጉዞ ከምጽዋ አሥመራ ነው፤ ከባሕር ተነስቶ ደመና ውስጥ የሚገባ መንገድ። እዚህ አገር ለሰው ስለ ሚስቱ ቢነግሩት ይስቃል፤ ስለ ክለቡ ቢነግሩት ወንበር ያነሣል። ሕጉ ቀላል ነው። ሜዳው ላይ የተተከለውን ምልክት ቀድሞ ላለፈ ጥቂት ሴኮንድ ከሰዓቱ ይቀነስለታል። የአርባሮባን አቀበት ቀድሞ ለጨረሰም እንዲሁ ይቀነስለታል። እስካሁን ይህን የሚያሰሉት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ኣቦይ መንግስትኣብ ነበሩ፤ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ብስክሌት የነዱ ሽማግሌ፣ መሣሪያቸው እርሳስ። ዘንድሮ እሠራበት የነበረው የኮምፒውተር ድርጅት ኃላፊ ኪዳኑ «ነጻ አገር በእርሳስ አይቆጥርም» አለና ሥራውን ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። የደንቦቹን ፋይል እሱ ራሱ ከውጭ አገር እንደተመለሰ ጽፎት ነበር። «እሱን አትንኪው፣ ተፈትኗል» አለኝ። አልነካሁትም። ስሌቱን ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እኔ ጻፍኩ።

ውጤቱ ሲወጣ የአሸናፊውን ማልያ የለበሰው ወንድሜ ማትያስ ነው። አቀበቱን ብቻውን ሲወጣ ሰው ሁሉ ያየው ሊባኖስ፣ የዓባ ሻውል ሰፈሩ መካኒክ፣ ሁለተኛ ሆነ። የዓባ ሻውል ሰዎች እርሳስ አወጡ። ኣቦይ መንግስትኣብም አወጡ። በእርሳስ ሊባኖስ ያሸንፋል። በማግስቱ በዋናው ጎዳና፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ማልያው ከወንድሜ ወልቆ ለሊባኖስ ተሰጠ። እስከዚህ ድረስ ፍትሕ ነው፤ አልከራከርም። ግን ኪዳኑ የድምፅ ማጉያውን ተቀበለና «ማሽን አያዳላም። የሚያዳላ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው» አለ። ስሜን አልጠራም። መጥራት አላስፈለገውም፤ ሕዝቡ ጠራልኝ።

ከሥራም አባረረኝ። ይሄ ሁሉ ይሁን። ማትያስም አመነው፣ ወርቄ። ማልያውን ሲያወልቁበት ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ቤት ገብቶ «አዝነሽልኝ ነው፣ አይደል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። ማሽኑ የላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው፣ ለአንቺ ግን በእኛው ፊደል ልጻፈው። በኪዳኑ ፋይል ውስጥ በማክሮ፣ ለአንድ ቃል ትርጉም በሚሰጠው ትእዛዝ፣ እንዲህ ተብሏል፦

ቅናሽ ማለት፦ ሜዳ + አቀበት

በእኔ ፋይል ውስጥ ደግሞ፦

ውጤት = ሰዓት − ቅናሽ

የቱ ነው የተሳሳተው? ሁለቱን ቅናሾች መደመር ትክክል ነው። ድምሩን ከሰዓቱ ላይ መቀነስም ትክክል ነው። ኪዳኑም ይህንኑ ይዞ ነው የሚከሰኝ፤ «ሁለቱም መስመር ትክክል ከሆነ በመሃል እጅ ገብቷል» ይላል። ሁለት እውነት እንዴት ውሸት ይወልዳል? ካወቅሽ ጻፊልኝ። የምታጽናኚኝ ከሆነ ግን ቴምብርሽን አታባክኚ።

ኣብርሄት

አዲስ አበባ
የካቲት 15 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለቁጡዋ ኣብርሄት፤

በአዲሱ አቆጣጠራችሁ ደብዳቤሽ የተጻፈው እኔ ገና ካልደረስኩበት ዘመን ነው። ከወደፊት የሚጽፍ ሰው መጨረሻውን ማወቅ ሲገባው አንቺ እኔን ትጠይቂኛለሽ።

አላጽናናሽም። «ሠርተሽዋል ወይ?» ብዬም አልጠይቅሽም። በዩኒቨርሲቲ ዶርም የሻወር ወረፋ ቀድማ የማትገባ ሴት ማልያ አትሰርቅም። ወረፋ የሚያፈርሱትን በፎጣ ስታሳድጂ ግን አይቻለሁ፤ ስለዚህ የምፈራው ለኪዳኑ ነው።

አባቴ ቄስ መሆኑን ታውቂያለሽ። በቅዳሴ መጽሐፉ ላይ ቦታ ለመቆጠብ «ይ፡ሕ» ተብሎ ይጻፋል። ልጅ ሆኜ እንዳለ «ይሕ» ብዬ ሳነብ አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «ይበል ሕዝብ» ማለት ነው፤ አንባቢ ምልክቱን ሲያይ ዘርዝሮ ነው የሚያነበው። ማክሮም እንዲሁ ምልክት ነው፤ ኣብርሄት፣ አንቺ ግን የምታስቢው ሥራ ሠርቶ ውጤት ይዞልሽ እንደሚመጣ ተላላኪ አድርገሽ ነው።

የጻፍሽውን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉመው ከኮምፓይለሩ በፊት አንድ ገልባጭ ተቀምጧል በይ፤ ፕሪፕሮሰሰር የሚባለው እሱ ነው። ሒሳብ አያውቅም። የመደመርን ምልክት ከጌጥ አይለይም። ምልክቱን ባየበት ሁሉ ያንን ፍቆ በቦታው ሙሉ ቃሉን ይገለብጣል፣ አንድ ነጥብ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የገለበጠውን መልሶ ያነባል፤ በውስጡ ሌላ ምልክት ካገኘ ያንንም ይዘረዝራል። ሲጨርስ ወረቀቱን ለኮምፓይለሩ ያቀብላል። አስተውይ፤ ኮምፓይለሩ አንቺ የጻፍሽውን መስመር በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። የሚያየው ግልባጩን ነው።

አሁን ልጠይቅሽ። ሌሊትና ቀን ያፈጠጥሽበት የጻፍሽውን ነው ወይስ የተገለበጠውን?

መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን አልነግርሽም። ብነግርሽ «ወርቅውሃ ነግራኝ ነው» ትያለሽ፣ እነሱም «ደግሞ ወርቅውሃ ማን ናት?» ይላሉ። በገዛ ዓይንሽ ያየሽውን ግን ማንም አይነጥቅሽም። የኮምፓይለርሽ፣ የቱርቦ ሲ፣ ዲስክ ላይ «ሲፒፒ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ገልባጩ ብቻውን እሱ ነው። ፋይልሽን አጉርሺውና የሚተፋውን እይ።

ስለ እናትሽ አንድ መስመር የለም፤ ረስተሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ እኔ ሥራ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እኔም ረስቼ አይደለም።

ወርቅውሃ

አሥመራ
5 ማርች 1995

ወርቄ፤

ስለ እናቴ ካልተውሽኝ ስሚ። ሽማግሌ መጣብን። መሪያቸው ራሳቸው ኣቦይ መንግስትኣብ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው ነን፤ ወንድም ያሳዝናል» አሉኝ። «ኪዳኑን አንድ ጊዜ ይቅርታ በይው፣ ሥራሽም ይመለስልሻል፣ ነገሩም እዚሁ ይቀበራል።»

«ኣቦይ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ ጥፋት ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«ትንሽ ጥፋት የሌለው ሰው የት አለ?»

«እኔ ዘንድ ካለ ያሳዩኝና በጉልበቴ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ካላሳዩኝ አልተነፍስም።»

እናቴ ሻሂ አቀረበች። ሸኝታቸው ስትመለስ «አንዲት ቃል ናት። ምን ታስከፍልሻለች?» አለች። «ስሜን» አልኳት። መሶቡን አንሥታ ጓዳ ገባች። የእሷን ነገር ያልጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፤ ከጠላት ጋር መጣላት ለምጃለሁ፣ ከእናት ጋር ግን አልችልበትም።

ኮሚቴው በዚህ ወር አጋማሽ እሑድ ይሰበሰባል። ያን ቀን ይቅርታ ካልጠየቅሁ «አጭበርባሪ» የሚለው በመዝገብ ይገባል፤ ማትያስም በማንኛውም ክለብ እንዳይወዳደር ይታገዳል። ይህን የነገሩኝ ኣቦይ መንግስትኣብ ናቸው፣ በር ላይ፣ በለሆሳስ። እኔም በለሆሳስ የፋይሎቹን ቅጂ ለመንኳቸው፤ ኮሚቴው ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ። በነጋታው ዲስኩን በመሀረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። «እኔ አልገባኝም። የከፋ ነገር ካገኘሽበት ግን ቢያንስ መሀረቤን መልሺልኝ» አሉ።

ድርጅቱ በር ላይ ዘበኛው እንዳያስገባኝ ታዟል። ድሮ ወደተማርኩበት የሲስተሮች ትምህርት ቤት ሄድኩ። የኮምፒውተሩ ክፍል ኃላፊ ሲስተር «በጾም ምን የሚያጣድፍ ሥራ ነው?» አሉኝ። «የስም ማጥፋት ጉዳይ ነው፣ ሲስተር» ስላቸው ቁልፉን ሰጡኝ።

አንቺ ያልሽውን ገልባጭ አስነሣሁት። ፋይሎቹን ዋጠና ብዙ ገጽ ተፋ። የራሴን መስመር ፈለግሁት፤ የለም። «ቅናሽ» የሚባል ቃል በሙሉ ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ እንኳን የለም። በቦታው ይህ ቆሟል፦

ውጤት = ሰዓት − ሜዳ + አቀበት

አየሽው? እኔ ሳየው ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ።

ብስክሌተኞች ተያይዘው የሚነዱበትን ጭፍራ እዚህ ግሩፖ ይሉታል። ኪዳኑ ሜዳንና አቀበትን በቅንፍ ቢያስራቸው ኖሮ አንድ ግሩፖ ሆነው አብረው ይቀነሱ ነበር። ቅንፍ የለም። መቀነሷ የያዘችው የፊተኛውን ጎማ ብቻ ነው። አቀበት ከግሩፖው ተነጥሎ በመደመር ላይ ነጎደ። ስለዚህ አርባሮባ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው ሽልማቱ ሰዓቱ ላይ ተጨመረበት። ሊባኖስ በወጣ ቁጥር ወደ ኋላ ቀረ። ማትያስ ሜዳ ላይ ነው የሚፈጥነው፤ የእሱ በትክክል ተቀነሰለት።

«ተፈትኗል» ያለው ደግሞ እውነቱን ነው። የፈተነው በካቻምናው ውድድር ሰዓቶች ነው፤ እሱ ደግሞ በባሕሩ ዳር ነበር። አቀበት አልነበረውም። ዜሮ ቢደመር ቢቀነስ ማን ያውቃል?

አሁን አሳፍረዋለሁ። ወረቀቱን በአደባባይ ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ።

ኣብርሄት

አዲስ አበባ
መጋቢት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ኣብርሄት፤

አትወርውሪው። ይህ ደብዳቤ ከእሑድ በፊት እንዲደርስሽ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ለመንገደኛ ነው የሰጠሁት፤ ስለዚህ ታዘዢኝ።

ወረቀቱን ብታሳዪያቸው «ቤቷ ተቀምጣ ያተመችው ነው» ይሉሻል። አንዲት ቁልፍ እንዳትነኪ። ኪቦርዱ አጠገብ እንኳን አትቀመጪ። የሚገለብጠው እሱ ይሁን፣ የሚጽፈው እሱ ይሁን። የማያውቁ ሰዎች የሚያምኑት በገዛ እጁ ሲያደርገው ካዩ ነው።

ቀድሞ የጻፈውን ሰው ደግሞ አትስደቢው። ስድብ ቅንፍ የለውም፤ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ማትያስ ያውቃል? ነገርሽው? በዚህኛው ደብዳቤ ይህን ዘለልሽው።

ወርቅውሃ

አሥመራ
20 ማርች 1995

ወርቅውሃ፤

ታዘዝኩሽ። እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ፣ እንደ ቀጣሽው ተማሪ።

ኮሚቴው በሙሉ ነበር፤ ሊባኖስም ማልያውን ለብሶ መጥቷል። የድርጅቱን ኮምፒውተር አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ኣቦይ መንግስትኣብ «እህ ጓለይ፣ ቃሉን አመጣሽ?» አሉኝ። «አመጣሁ፣ ግን የሚናገረው ኪዳኑ ነው» አልኩ። ሰሌዳ አስመጣሁና ጠመኔውን ለኪዳኑ ሰጠሁት።

«የአንተን መስመር ጻፍ።» ጻፈ። «የእኔን ጻፍ።» ጻፈ።

«ሁለቱም ትክክል ናቸው» አለ ለሰዎቹ ዞሮ። «ሁልጊዜ የምለው ይህንን ነው።»

«ማክሮ ምን ያደርጋል?»

«ይተካል።»

«ያሰላል?»

«አያሰላም፤ ይተካል። ይህን የማታውቂ ከሆነ…»

«እሺ ተካልኝ። በእኔ መስመር ላይ ቅናሽ የሚለውን አጥፋና የአንተን ቃል እንዳለ ጻፍበት። ምንም አትጨምር፣ እንደ ማሽኑ።»

በእጅጌው ጠረገው። «ሜዳ» ብሎ ጻፈ። መደመርን ጻፈ። «አቀበት» የሚለውን ሲጀምር ጠመኔው ቆመ። ወርቄ፣ የዚያን ሰው ጀርባ ባየሽው። ዞሮ ሳያየን ቃሉን ጨረሰው፤ ይህን አልነፍገውም፣ ጨረሰው።

ኣቦይ መንግስትኣብ መነጽራቸውን አደረጉና እርሳሳቸውን አወጡ። በሰሌዳው መሠረት የሊባኖስን ሰዓት ሠሩ። ማሽኑ ያን ጊዜ ያወጣው ቁጥር መጣ፤ ያው፣ ሳይዛነፍ።

ሊባኖስ «ቆይ፣ ስለ ወጣሁ ነው የተቀጣሁት?» አለ።

«እወ» አልኩት።

«ታዲያ ቀስ ብዬ ብወጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር?»

«ማሽኑ ዘንድ፣ አዎ።»

«እናቴ ቀስ በል ስትል ነበር፤ ሒሳብ አውቃለች ማለት ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኪዳኑ አልሳቀም።

«ስትጠቀሚበት አንቺ ቅንፍ ማድረግ ነበረብሽ» አለኝ።

«አትንኪው ባልከኝ ፋይል ውስጥ ያለውን በሕልሜ ልየው?»

ከዚያ ኪዳኑ ራሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ በራሱ ፋይል ላይ ሁለት ቅንፎች ጨመረ፣ የእኔን አንድ ነጥብ ሳይነካ አስኬደው። የእርሳሱ ውጤት ወጣ። ኣቦይ መንግስትኣብ ወረቀታቸውን ከስክሪኑ አጠገብ አድርገው አስተያዩና «ማሽኑ በመጨረሻ ደረሰብኝ» አሉ።

ኪዳኑ በዚያው ክፍል ውስጥ ይቅርታ ሊለኝ ተነሣ። ሽማግሌዎቹም ለመተቃቀፍ ሊያቀራርቡን ተነሡ። «ቆዩ» አልኩ። «አጥፍታለች ተብሎ የተነገረው በዋናው ጎዳና፣ በድምፅ ማጉያ ነው። ይቅርታውም እዚያው ይሁን።»

«ስምሽን ልጥራ?» አለ ኪዳኑ።

«ያኔ ያልጠራኸውን አሁን ጥራው። የማትያስንም።»

ዛሬ ጠዋት ጠራው። ከነአባቴ ስም። ስሜ ከጎዳናው ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ ተመትቶ ሁለቴ ተሰማ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ሲጨርስ «ድገመው በይው» አለችኝ።

ሥራዬም ተመለሰ። በአንድ ሁኔታ ተቀበልኩ፦ የደንቦቹ ፋይል ከዛሬ ጀምሮ በእኔ እጅ ነው። መሀረቡንም አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩ።

ኣብርሄት

አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ኣብርሄት፤

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ቁጭ ብዬ ደገምኩት፣ ከዚያ ለአባቴ አነበብኩለት። «ይ፡ሕ ይህን ያህል ርቆ ሄደ?» አለ።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። ከመሥሪያ ቤቴ ለቅቄያለሁ። አንቺ ስትጽፊልኝ የመልቀቂያዬ ማመልከቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እንደ አንቺ የመቆም ወኔ ስላልነበረኝ አፈርኩና ዝም አልኩ። ደብዳቤዎችሽ ናቸው ማመልከቻውን ያስገቡልኝ። አሁን ኮሌጅ አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ። «የቱ ነው የተሳሳተው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እስካሁን ይከራከራሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ልጠይቅሽ ነው። ማትያስስ?

ወርቅውሃ

አሥመራ
30 ኤፕሪል 1995

ወርቄ፤

ስለ ማትያስ ያልጻፍኩት የሚጻፍ ስላልነበረ ነው። ኪዳኑ በድምፅ ማጉያው ስሙን ሲጠራ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ሰማ። ቤት ስገባ ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ የለም። ደስ አለኝ። ግን አልተናገረኝም። ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል፣ ሳህኑን ያነሣል። እኔም ኩራቴን ታውቂያለሽ፤ የበደለኝን ሰው ቀድሜ አላናግርም። እናታችን በሁለት ድንጋይ መሃል ኖረች።

ፋሲካን ካሳለፍን በኋላ ኣቦይ መንግስትኣብ የሚመጣውን ውድድር መንገድ ሊያዩ ሲወርዱ በማኪናቸው ይዘውኝ ሄዱ፤ እንደምሄድ ለእናቴ ስነግራት ማትያስ ሰምቷል። እዚህ ደጋፊ የሚወደውን ስም አስፋልቱ ላይ በኖራ ይጽፋል፤ አቀበቱ ሙሉ በሙሉ ስም ነው። ከአርባሮባ በላይ ካለው መታጠፊያ ስንደርስ ኣቦይ ፍሬን ያዙ። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?» አሉ።

አስፋልቱ ላይ በትልቁ፣ ገና ባልደረቀ ኖራ፣ እንዲህ ተጽፏል፦

( ማትያስ + ሊባኖስ

ወረድኩ። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። የመክፈቻው ቅንፍ አለ። መዝጊያው የለም። ኖራ አልቆ እንዳይመስልሽ፤ ባልዲው ግማሽ ድረስ ሞልቶ በመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ተቀምጧል፣ ብሩሹም ውስጡ። ያልተዘጋ ቅንፍ ያለበትን ነገር ምንም ማሽን እንደማይቀበለው ያውቃል፤ ሰሌዳው ላይ የሆነውን ሊባኖስ ነግሮታል። ሊጨርሰው ይችል ነበር። ለእኔ ተወው።

ብሩሹን አነሣሁና ዘጋሁት። ቁመቴን ያህል አደረግሁት።

ከታች የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። ሁለቱ ተያይዘው እየወጡ ነው፤ ሊባኖስ ከፊት፣ ወንድሜ ጎማው ላይ ተለጥፎ። ሊባኖስ ሳይቆም በእጁ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ማትያስ እግሩን መሬት አሳረፈ። ላቡን እየጠረገ ጽሑፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማዬ ላይ የተንጠባጠበውን ኖራ አየ።

«ጠማማ ነው» አለኝ።

«ቅንፍ ጠማማ ነው» አልኩት። «ውጣ፣ እየቀደመህ ነው።»

ወጣ።

ኣብርሄት